የላፋኤሌ የእሁድ ጭስ

ላፋኤሌ በስተርጅና እሁድን ጠላ። ይህን ለማንም ትንፍሽ አላለም፤ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆኖ እሁድን ጠላሁ ብሎ ማን ፊት ይቆማል? እውነቱ ግን ይኸው ነው። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ፀሐይዋ ወደ ባሕሩ ማዘንበል ስትጀምር፣ ወገቡን ይይዘው ነበር። ገና ያላነሳው የነገ ድንጋይ ከአሁኑ ያመዋል።

መንደራችን ውስጥ የእሁድ ምግብ የሚበስለው በኡሙ፣ በጋለ ድንጋይ ምድጃ ነው፤ ኡሙ ደግሞ የወንድ ሥራ ነው። ጎህ ሲቀድ ተነስቶ የኮኮናት ቅርፊት ማቀጣጠል፣ ድንጋይ ቆልሎ እስኪነጣ ማጋል፣ ጎደሬ መፋቅ፣ ኮኮናት ፈቅፍቆ ወተቱን መጭመቅ፣ ወተቱን በለጋ የጎደሬ ቅጠል ቋጥሮ ፓሉሳሚ ማዘጋጀት። ከዚያ የጋለውን ድንጋይ በእንጨት መቆንጠጫ መዘርጋት፣ ምግቡን መደርደር፣ በሙዝ ቅጠል ደራርቦ መሸፈን። ይህን ሁሉ አራት ጎረምሳ እየተሰዳደበና እየተሳሳቀ ሲሠራው ጨዋታ ነው። አንድ ሽማግሌ ብቻውን ሲሠራው ቅጣት ነው። ሌላ ስም የለውም።

የላፋኤሌ ጎረምሶች ሄደዋል። ሁለቱ ትልልቆቹ ኦክላንድ አግብተው ወልደው እዚያው ቀሩ። የመጨረሻው ያኮፖ አውስትራሊያ ሥጋ ፋብሪካ ገብቶ ሌሊት ሌሊት በግ ሲበልት ያድራል። የያኮፖ ውል የሚያልቀው ለገና ነው። ከዚያ ወይ ወደ ቤቱ ይመለሳል፣ ወይ ሌላ ውል ይፈርማል። ሲሄድ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ አባቱን አቅፎ፣ «አባዬ፣ ኡሙው ሲያቅትህ ንገረኝ፤ እመጣለሁ» ብሎት ነበር።

«ሂድ ወደዚያ! ማንን ነው የሚያቅተው?» አለ ላፋኤሌ። ዘመድ አዝማድ ከቦት ቆሞ ሌላ ምን ይበል?

ልጁ እንዲመጣለት ይፈልጋል። ከምንም በላይ የሚፈልገው ይህንን ነው። ሲበላም ሲጸልይም እሱኑ ነው የሚያስበው። «ና» ማለት ግን አልወጣልህ አለው። ልጁ በራሱ ጊዜ፣ በራሱ ፈቃድ፣ ናፍቆት አስሮ እንዲያመጣለት ነበር ምኞቱ። አባቶች እንዲህ ናቸው፤ የሚፈልጉትን አፍነው ይዘው ሰው ለምን አልገባውም ብለው ይኮርፋሉ።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። እሁድ ጠዋት ጭስ ያልወጣበት ቤት ወንድ የሌለበት ቤት ነው። ለዚያ ቤት ጎረቤት በዘንባባ ቅርጫት ምግብ ይልካል። ደግ ወግ ነው፣ ማንም አይነቅፈውም። ግን ላፋኤሌ ራሱ በወጣትነቱ ያን ቅርጫት ለመበለቶች ሲያመላልስ ኖሯል፤ ቅርጫቱ ከቤት ሲወጣ ምን እየተባለ እንደሚወጣ አሳምሮ ያውቃል። «ምስኪን፣ ሰው የላትም» ነው የሚባለው። ያ ቅርጫት እኔ ደጃፍ ከሚቀመጥ አፈር ልብላ ይላል።

በፋሲካ ዕለት ነው ነገሩ የመጣው። ድንጋዩን ሲዘረጋ ወገቡን ስንጥቅ አደረገውና እዚያው በቁመቱ ወደቀ። ደግነቱ በጎኑ ነው የወደቀው፤ ያም ሆኖ ግራ እጁን ድንጋዩ ላይ አሳረፈው። ሚስቱ አኬኔሴ የቤተ ክርስቲያን ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ባርኔጣዋን ደፍታ ከቤት ስትወጣ ሰውዬው አመድ ውስጥ ተጋድሟል።

«አንተ ሰውዬ! በፋሲካ ቀን ልትሞትብኝ ነው እንዴ?»

«አትጩሂ፣ ሴሚሲ ይሰማል።» ሴሚሲ ከአጥሩ ማዶ ያለው ጎረቤታቸው ነው።

«ይስማ! ሴሚሲ ባይሰማ ማን ሊያነሳህ ነው? እኔ ነኝ የማነሳህ?» እያለች በዚያ ነጭ ቀሚስ ጎትታ አነሳችው። እጁን ውሃ ውስጥ ከተተችለት። ከዚያ ፊት ለፊቱ ቆማ፣ «ለያኮፖ ልደውል ነው» አለች።

«ምን ልትይው?»

«አባትህ ወገቡ ተቆርጧል ልለው።»

«ደውዪና ያቺን ስልክ ባሕር ውስጥ ነው የምወረውራት!»

አኬኔሴ ባሏን ታውቀዋለች። እሱ በሬ ነው፤ ከፊት ከጎተቱት ወደ ኋላ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ያኮፖን ተወችና በሌላ በኩል መጣች። የአክስቷ ልጅ አፒያ ከተማ ውስጥ በጠረጴዛ ኦቭን ነው የምታበስለው፤ ጎደሬም፣ ዛፍ ላይ የሚያፈራው የዳቦ ፍሬም ይወጣለታል። ላፋኤሌ መጀመሪያ ሳቀ። የተቀቀለ ጎደሬ የሰኞ ምግብ ነው፣ የበሽተኛ ምግብ ነው፤ ከቆርቆሮ ሳጥን የወጣ ደግሞ የማን ምግብ ሊባል ነው? ቅዳሜ ከሰዓት ወገቡ ሲይዘው ግን ሳቁ ጠፋ። «እስቲ እንየው» አለ፣ ፊቱን አዙሮ። ያኮፖ «ለጥርስህ» ብሎ የላከለት ገንዘብ ነበረ። ጥርሱ ትጠብቅ።

አፒያ ሲወርዱ ላፋኤሌ በዘንቢል የሰው ጭንቅላት የሚያህል የዳቦ ፍሬ ይዞ ነበር።

«ለማን ነው እሱ?» አለችው አኬኔሴ።

«ዝም ብለሽ ተከተዪኝ።»

ሱቁ ውስጥ ኦቭኖቹ ጥግ ላይ ተደርድረዋል። ላፋኤሌ የመጀመሪያውን ከፈተና የዳቦ ፍሬውን አስገባ። በሩ አልዘጋ አለ። አወጣውና ሁለተኛውን ከፈተ። ሻጯ ልጅ ይህን አይታ እየሮጠች መጣች።

«አባባ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«እየለካሁ ነዋ።»

«ምኑን?»

«ልጄ፣ ጫማ ስትገዢ እግርሽን ይዘሽ አይደል የምትሄጂው?»

ልጅቷ ሳቋን መያዝ አቃታት። «እንግዲያው ይሄኛው ይሆንልዎታል» ብላ ትልቁን አሳየችው። «ዳቦ ይጠብሳል፣ ኬክ ይጋግራል። ይቺን ሲጫኑ ደግሞ ውስጡ ትኩስ ንፋስ ይነሳና ዶሮውን ያለ ዘይት ቁርጥም ቁርጥም እንዲል አድርጎ ይጠብሰዋል። ኤር ፍራይ ነው የሚባለው።»

«በንፋስ ይጠብሳል?»

«በንፋስ።»

«እኛ ሰፈር ንፋስ ጣራ ሲወስድ እንጂ ዶሮ ሲጠብስ አይተን አናውቅም።»

«ጎደሬስ?» አለች አኬኔሴ፣ ባሏን በክርኗ ገፋ አድርጋ።

ልጅቷ መመሪያውን ገለጠች። «እዚህ ላይ ያለው… ድንች ነው።»

«ድንችማ እዚያው ድንች የሚበሉት ጋ ይቅር» አለ ላፋኤሌ። የዳቦ ፍሬው ግን ገባ፤ በሩም ተዘጋ። ገዙት።

ካርቶኑን በሩዝ ጆንያ ሸፍኖ ነው አውቶቡስ ላይ የወጣው። አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሰው ሰው ጭን ላይ ተቀምጧል፤ እሱ ጭን ላይ ጆንያው ተቀምጧል። ከፊቱ የነበረ አንድ ጎረምሳ ዞር ብሎ፣ «ምንድን ነው እሱ፣ አባባ?» አለው።

«ሩዝ።»

«አራት ማዕዘን ሩዝ?»

«የውጭ ነው» አለች አኬኔሴ ቶሎ ብላ። ጎረምሳው እስኪወርድ ድረስ ሲስቅ ሄደ። ላፋኤሌ መስኮቱን እያየ ላብ በላብ ሆኖ ደረሰ፤ የሆነ ነገር እንደሰረቀ ሰው።

ሙከራው ሐሙስ ዕለት ነበር። ላፋኤሌ ፓሉሳሚውን እንደ ወትሮው በቅጠል ቋጠረ፣ ጎደሬውን ፋቀ፣ ሁሉን ደርድሮ አስገባ፣ በሩን ዘጋ፣ የንፋሷን ቁልፍ ተጫነ። ውስጡ ብርሃን በራ፤ ማራገቢያው ሹ… ማለት ጀመረ። መልካም። አኬኔሴ ልብስ ልታጥብ ወጣች። እሱ ወንበር ስቦ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ።

ትንሽ ቆይቶ እጁን ወደ ኦቭኑ ጀርባ ቢዘረጋ ትኩስ ንፋስ ይወጣል። ጎኑን ነካ፤ እዚያም ይወጣል። ሙቀቱ እያመለጠ ነው! ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ኡሙ ላይ እንፋሎት ሲያመልጥ ባየ ቁጥር ቅጠል ጣል ሲያደርግ የኖረ ነው። እጁ አእምሮውን አልጠበቀም። የሙዝ ቅጠሉን አምጥቶ ከላይም ከጎንም ከኋላም ደራረበበት። በዚያ ላይ ጆንያ በውሃ ነክሮ አለበሰው። ዳር ዳሩን በመዳፉ ጠቀጠቀ። የኦቭኑ ትንፋሽ ቆመ። ላፋኤሌ ደስ ብሎት ተቀመጠ።

አኬኔሴን ከልብስ ማጠቢያው የጠራት ሽታው ነው። የተቃጠለ ላስቲክ፣ የተቃጠለ ወተት፣ የተቃጠለ ምን እንደሆነ የማይታወቅ ነገር። ስትገባ ኦቭኑ ቀጥ ብሏል፤ ባሏ ከጆንያው ጋር ይታገላል።

«ምን አደረግከው?»

«ሸፈንኩት።»

«ምኑን ነው የሸፈንከው?»

«ኦቭኑን! ትንፋሹ እያመለጠ ነበር!»

አኬኔሴ ጆንያውን ገለጠች፣ ቅጠሉን ገለጠች፣ በሩን ከፈተች። ማራገቢያው የፓሉሳሚውን ቅጠል ፈቶ ጥሎታል፤ የኮኮናቱ ወተት እሳቱ ላይ ሁሉ ተረጭቷል። አንድ ቅጠል ጠቁሮ ጣሪያው ላይ ተለጥፏል። «ወይኔ ጌታዬ! ኦቭኑን ኡሙ አደረገው!» ብላ መሬት ላይ ቁጭ አለችና እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ላፋኤሌ አልሳቀም። ውጪ ወጥቶ ድንጋዮቹ አጠገብ ተቀመጠ። በዚህ ዕድሜ እንደገና ተማሪ መሆን አስጠልቶት ነበር። ሰው መቼ ነው የሚያርፈው?

ደግነቱ ሲቀዘቅዝ ተነሳ፣ ኦቭኑ ማለቴ ነው። ከዚያ በኋላ አኬኔሴ እያዘዘች፣ እሱ እያጉረመረመ ተማሩት። ጎደሬው መጀመሪያ ጋዝ ላይ ግማሽ ይቀቀላል፣ ከዚያ በንፋሱ ሲጠበስ ላዩ ቅርፊት ይይዛል። ፓሉሳሚው በፎይል ተጠቅልሎ ያለ ንፋስ ቀስ ብሎ ይበስላል። የዳቦ ፍሬው ያን ሁሉ ተለክቶ ለሁለት መሰንጠቅ ነበረበት፤ ሙሉውን ሲያስገቡት መሃሉ ጥሬ ይሆናል። ዶሮውማ አይወራ፤ አኬኔሴ ቆዳውን ለብቻው ገንጥላ ነው የምትበላው። ምግቡ ጥሩ ነበር። ላፋኤሌ ራሱ አፉ ሞልቶ «ምንም አይልም» ብሏል፤ ለእሱ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

የመጀመሪያዋ የኦቭን እሁድ መጣች። ላፋኤሌ ጎህ ሲቀድ አልተነሳም። በጀርባው ተጋድሞ የመንደሩን ድምፅ ሰማ፤ እንጨት ሲሰበር፣ የሴሚሲ ልጆች ሲጨቃጨቁ። ምን ያህል ጊዜ የተመኘው እረፍት ነው። ግን ቀና ብሎ በመስኮት ሲያይ ከእያንዳንዱ ቤት ጀርባ ጭስ ቀጥ ብሎ ወጥቷል። የእሱ ብቻ ባዶ ነው። እንደ ወለቀ ጥርስ።

ከአልጋው ዘሎ ወረደ። ሽርጡን እያገለደመ ወጣና የኮኮናት ቅርፊት ቆልሎ እሳት ለኮሰ። ድንጋይ አልጨመረም። ቅርፊቱ እንዲጨስ ውሃ ረጨበት።

አኬኔሴ በመስኮት ብቅ አለች። «ምን እየሠራህ ነው?»

«ለጠረን ነው። ምግቡን ትንሽ ጭስ ላሳየው ብዬ።»

«ላፋኤሌ፣ እኔን ነው የምትዋሸው?»

«ሴሚሲ ያያል።»

«ቢያይስ?»

«ቅርጫት ይልካላ!»

«ቢልክስ? እንበላለን። የሴሚሲ ልጆች ፓሉሳሚ ሲሠሩ እጃቸው ይጣፍጣል።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ሰው የሌለው ሰው ልባል ነው የምትፈልጊው?»

አኬኔሴ መስኮቱን ተደግፋ ዘንበል አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ታዲያ ማን አለህ?» አለችው። «ልጁን ጥራው፤ ያኔ ሰው ይኖርሃል። ለማረፍ ብለህ ኦቭን ገዛህ፣ አሁን ሁለት እሳት ትጠብቃለህ።»

ላፋኤሌ ጎንበስ ብሎ እሳቱን እፍ አለ።

በዚህ ዓይነት ወራት አለፉ። እሁድ እሁድ ላፋኤሌ ከማንም ቀድሞ ያጨሳል። የበሰለውን ምግብ አውጥቶ ጭሱ ላይ ጥቂት ያቆየዋል፣ ከዚያ የመጀመሪያውን ትሪ ለመጋቢው ቤት ይወስዳል። የመጋቢው ሚስት ክዳኑን ገለጥ አድርጋ ታሸትና፣ «እርስዎ ብቻ ነዎት የድሮውን ጣዕም የያዙት» ትለዋለች። አንገቱን ደፍቶ ይወጣል። አንድ እሁድ ደግሞ መጋቢው ከመድረክ ላይ፣ «በመካከላችን በዚህ ዕድሜው ብቻውን እሳት የሚያነድ አባት አለ፤ ወጣቶች ከእርሱ ተማሩ» ብለው ሰበኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ደስታው ነበር።

ሴሚሲማ ጭራሽ ልጆቹን መገሠጫ አደረገው። «ተነሱ እናንተ ገልቱዎች! ላፋኤሌ እንኳ አጭሷል!» ሲል በየሳምንቱ ይሰማል። የሴሚሲ ሚስት ሎሴ በበኩሏ የመንደሩ ሬዲዮ ናት። የእህቷ ልጅ እዚያው ሥጋ ፋብሪካ ከያኮፖ ጋር አንድ ክፍል ነው የሚተኛው። እዚህ ዶሮ ብታስል እዚያ ይሰማል።

ላፋኤሌ ይህንን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ጭሱ ቢቀር ወሬው ያኮፖ ዘንድ እንደሚደርስ፣ ያኮፖም እንደሚመጣ ያውቃል። ስንቴ እሁድ ጠዋት ክብሪቱን ይዞ ቆሟል። ዛሬ ባልለኩስስ? ከዚያ የሴሚሲ ቅርጫት ይታየዋል፤ ምስኪን ሲባል ይሰማዋል፤ ይለኩሳል። ለገና ይመጣል፣ ምን አጣደፈኝ ይላል። ውሉ ያልቃል፣ ይናፍቃል፣ ይመጣል።

ኅዳር ላይ አንድ እሁድ፣ እሳቱን እፍ ሲል ዓይኑ ጨለመበት። የማድቤቱን ምሰሶ ይዞ ቆመ። ሆድ ባሰው። እዚያው ምሰሶውን አቅፎ አለቀሰ፤ ጭሱ ነው እንዳይል እንኳ አጠገቡ ማንም አልነበረም። በቃ። ሰለቸው። ድንጋዩ ሰለቸው፣ ጭሱ ሰለቸው፣ ጎበዝ መባል ሰለቸው።

ወደ ቤት ገብቶ፣ «ለያኮፖ ደውዪልኝ» አለ።

አኬኔሴ ሽንኩርት የምትቆርጥበትን ቢላ አስቀመጠች። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ደወለችና ስልኩን ሰጠችው።

ያኮፖ ገና ከሌሊት ፈረቃ መውጣቱ ነበር። ከኋላው የመኪና ድምፅ ይሰማል። «አባዬ! እንዴት አደርክ? ኡሙው ደረሰ?»

«ያኮፖ።»

«አቤት።»

«ደክሞኛል።»

የመኪናው ድምፅ ራቀ።

«ደክሞኛል፣ ልጄ። ከፋሲካ ወዲህ ድንጋይ አንስቼ አላውቅም። በኦቭን ነው የምናበስለው። አቅቶኛል። ና።»

ተናገረው። ሲወጣ ያን ያህል ከባድ አልነበረም፤ ምን ነበር እስከዛሬ የያዘው? ደረቱ ቀለለው። አኬኔሴ አፏን በእጇ ይዛለች።

«አባዬ» አለ ያኮፖ። ድምፁ ተለወጠ። «አርብ ዕለት ፈረምኩ።»

«ምኑን?»

«ውሉን። ሦስት ዓመት ጨመርኩ።»

ላፋኤሌ ወንበሩን በእጁ ፈልጎ ተቀመጠ።

«ዝም ብዬ አልፈረምኩም፣ አባዬ። አሰብኩበት። አንተን ብጠይቅህ ደህና ነኝ እንደምትለኝ አውቃለሁ፤ አንተ እየሞትክም ደህና ነኝ ነው የምትለው። እማዬም አንተን ፈርታ አትነግረኝም። ስለዚህ ሎሴን ጠየቅኋት። ‹እናቴ፣ አንቺ አትደብቂኝም፤ አባቴ እንዴት ነው?› አልኳት። ‹አባትህማ ከመንደሩ ሁሉ ቀድሞ ነው የሚያጨሰው፤ በየሳምንቱ በዓይኔ አየዋለሁ› አለችኝ። እንግዲያው ጉልበት አለው ብዬ ፈረምኩ።»

«ማፍረስ አይቻልም?»

«ይቻላል… ግን አፍርሼ ከሄድኩ ከመንደራችን ሌላ ሰው አይወስዱም ይላሉ። እዚህ ያሉትም ውላቸው አይታደስም፤ የሎሴ የእህት ልጅም ይመለሳል። ሌሎቹም።» ልጁ አፍንጫውን ሲስብ ተሰማ። «አባዬ፣ ና ካልከኝ ግን እመጣለሁ። በለኝ ብቻ።»

ላፋኤሌ ዓይኑን ጨፈነ። የእነዚያን ልጆች አባቶች አንድ በአንድ ያውቃቸዋል፤ ሁሉም ጋ ሰርግና ለቅሶ ደርሷል።

«ተወው» አለ። «ሥራህን ሥራ። በርታ።»

ስልኩን ለአኬኔሴ ሰጣት። እሷ ይዛው ወደ ጓሮ ሮጠች፤ «ልጄ፣ ልጄ» ስትል ብቻ ይሰማል። ላፋኤሌ የሚሄድበት ሲያጣ ተመልሶ ማድቤቱ ገባና እሳቱ አጠገብ ቁጭ አለ። ቅርፊቱ ይጨሳል።

«ላፋኤሌ!» አለ ሴሚሲ ከአጥሩ ማዶ። «ዛሬም ቀደምከኝ አይደል! ድንጋይህ ነጣ?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን «የአንተን ጠብቅ» ብሎ ይመልስለት ነበር። አሁን ግን «ና እየው» አለው።

ሴሚሲ በሽርጡ እጁን እየጠረገ፣ እየሳቀ ገባ። እሳቱን አየ። ድንጋይ ፈለገ፤ የለም። ዞር ዞር ብሎ ቅጠሉን ፈለገ፣ ጎደሬውን ፈለገ። ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ።

«ምግቡስ?»

«ቤት ውስጥ፣ ኦቭን ውስጥ ነው።»

«ታዲያ ይሄ እሳት ለምንድን ነው?»

«ለአንተ ነው» አለ ላፋኤሌ። «አንተ እንድታየው ነው የማነደው።»

ሴሚሲ ቀስ ብሎ ቁጢጥ አለ። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ከፋሲካ።»

«አንተ ሰውዬ! እኔኮ በአንተ ስም ልጆቼን ስቀጠቅጥ ነው የከረምኩት!» አለና ሊስቅ ቃጣው። ከዚያ የላፋኤሌን ፊት አየና ተወው። ከጓሮ የአኬኔሴ ለቅሶ ይሰማል። ሴሚሲ ወደዚያ ጆሮውን ጣለ፤ «ያኮፖ፣ ሦስት ዓመት!» ስትል ሰማ። ያን ጊዜ ገባው። ሎሴ ከያኮፖ ጋር በስልክ ስታወራ ባለፈው ሳምንት አጠገቧ ተቀምጦ ነበር፤ «ደህና ነው በይው» ያላትም እሱ ራሱ ነው።

«እኛ ነን ያስቀረነው?» አለ፣ ብድግ ብሎ። «ላፋኤሌ፣ ሎሴን አሁኑኑ ሄጄ…»

ላፋኤሌ ክንዱን ይዞ አስቀመጠው።

«እንዳትቆጣት» አለው። «ያየችውን ነው የነገረችው።»